ዳማ እንዳያሸንፍ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። እኔ በአበው ላይ አፍ የመክፈት ልማድ የለኝም፤ ግን እስቲ ልጠይቅ፤ የት ነው የሚያደርሰው? ጋላቢው ያሰበበት ነው ወይስ ፈረሱ ያሰበበት? አበው ብልሆች ናቸውና ይህን ሳይነግሩን አለፉ። የቀረውን እኛ እየወደቅን እንድናጣራው መሆን አለበት። እኔ በበኩሌ ኮኪት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር ቆሞ እያየኝ ወድቄ የድርሻዬን አጣርቻለሁ።

ደግሞ ውድድር የገባ ሰው ሁሉ ለማሸነፍ ነው የሚገባው ይባላል። ይህን ያለው ሰው በደርግ ጊዜ ቆላ አልኖረም። ያን ጊዜ አንደኛ መውጣት የሚያስፈራባቸው ነገሮች ብዙ ነበሩ። ስብሰባ ላይ አንደኛ ሆኖ እጁን ያወጣ ሰው ኮሚቴ ሆኖ ይመረጣል። በምርት አንደኛ የወጣ ገበሬ ተሞክሮህን አካፍል እየተባለ ከስብሰባ ስብሰባ ሲንከራተት የራሱ ሰሊጥ ማሳው ላይ ይረግፍበታል። ሰሊጥ እንደሆነ ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ቀኑ ከደረሰ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ብልህ ሰው መሃል ይቀመጣል። እኔም መሃል መቀመጥ የምወድ ሰው ነበርኩ፤ ፈረስ ላይ ያስቀመጡኝ ሌሎች ናቸው።

የወባ መድኃኒት ርጭት ሠራተኛ ነበርኩ። መርጫዬን በጀርባዬ አዝዬ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ኮኪት፣ ከኮኪት እስከ ገለጉ የሰው ግድግዳ ስረጭ እውላለሁ። ወባን አጠፋለሁ ብዬ ወርጄ ወባ እኔን ልታጠፋኝ ትንሽ ነበር የቀራት። እየጣለች እያነሣች አከሳችኝና ሱሪዬ በሲባጎ ካልታሰረ አልቆም አለ። የኮኪት ሰዎች ከነመርጫዬ ሲያዩኝ፣ ከወባ የሚያድነን ይሄ ነው? እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ? እውነታቸውን ነው።

ከሚስቁብኝ ሰዎች አንዱ አያ ሞላ ነበሩ። አያ ሞላ በጉብዝናቸው ከደጋ ወርደው፣ ሰሊጥና ማሽላ እያረሱ ኮኪት ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበራቸው። ቆላ ለፈረስ እንደማይሆን የታወቀ ነው፤ ዝንቡ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ከደጋ የወረደ ፈረስ ክረምቱን ከወጣ ተአምር ነው። አያ ሞላ ግን ዳማን በጭስ አኖሩት። ዝንብ በሚበረታበት ወቅት ጠዋትም ማታም በረቱ ደጃፍ ኩበት ያጤሳሉ፤ ፈረሱም ጭሱ ውስጥ ራሱን ከቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። እኔም ከሰው ቤት የተረፈችኝን መድኃኒት እያመጣሁ የበረቱን ግድግዳ እረጭላቸዋለሁ። ይህ ከመመሪያ ውጭ ነው። መመሪያውን ያወጣው ሰው ግን ዳማን አያውቀውም።

አንድ ሽማግሌ ለአንድ ፈረስ ይህን ያህል የሚደክመው ለምንድን ነው? ለእርሻ እንዳይባል በሬ አለ፤ ለጭነት እንዳይባል አህያ አለ። የአያ ሞላ ፈረስ ሥራው አንድ ነው፤ ለቅሶ መድረስ። ዘመዶቻቸው ከጭልጋ እስከ ቋራ ተበትነዋል፤ የእሳቸው ጉልበት ደግሞ ከታመመ ቆይቷል። መርዶ በመጣ ቁጥር ዳማን ይጭኑና ይወጣሉ። የቀሩበት ቀብር አለ ሲባል አልሰማሁም። ያልዘገዩበትም እንደዚሁ፤ ምክንያቱም መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ ከነከብቱ፣ ከነሰብሉ፣ ከነአማቱ ደኅንነት ሳይጠይቁ አያልፉም።

ታዲያ የዘገየ ለቀስተኛ ምን ያደርጋል? መዘግየቱን በኀዘኑ ብዛት ይሸፍናል። አያ ሞላ መንገዱን ሁሉ ቀስ ብለው ሲያዘግሙ ይመጡና የለቅሶው ድንኳን ብቅ ሲል ፈረሱን በተረከዛቸው መታ ያደርጉታል፤ «ወንድሜን! ወገኔን!» እያሉም ይጮኻሉ። ዳማ ሽምጥ ይጋልባል። ልክ የድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ እሳቸው ወርደው እያለቀሱ ይገባሉ። አይ፣ አያ ሞላ! ከዚያ ሁሉ አገር ሲጋልቡ ነው የመጡት! ይላል ለቀስተኛው። ዳማ በዚህ ዓይነት ሲኖር ሲኖር ትምህርቱን ጨረሰ። ድንኳን ካየ ይበራል፤ ጩኸት ከሰማ ይብስበታል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

እንግዲህ ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፎ፣ ሠራተኛው ወደየደጋው ከመመለሱ በፊት፣ የምርት ዘመቻው መዝጊያ በኮኪት ይከበራል ተባለ። መፈክር ይኖራል፣ ዘፈን ይኖራል፣ የፈረስ ግልቢያም ይኖራል። «ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው» አለ ከአውራጃ የመጣው ጓድ። ሜዳውስ ነበር፤ ያ ስንጥቁ እግር የሚውጥ ዋልካ መሬት ሞልቷል። ፈረሱ ነው የጠፋው። አገሩ ሁሉ ታስሶ ሦስት ተገኘ። አንዱ ሐጂ እድሪስ የሚባሉ የመተማ ነጋዴ ከሱዳን ያመጡት አምባላይ ፈረስ ነው። ሁለተኛው ከገለጉ የመጣው የሚሊሺያው አሥር አለቃ የጫኔ ጉራቻ ፈረስ ነው። ሦስተኛው ዳማ ነው።

አያ ሞላ በጉልበታቸው ምክንያት መጋለብ አይችሉምና ጋላቢ መፈለግ ነበረባቸው። የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ትተው ወደ እኔ መጡ። ግልቢያ እንደማላውቅ ብነግራቸው፣ አዋቂውስ ዳማ ነው፤ አንተ ላይ ሆነህ ዝም ማለት ነው አሉኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ ስጠይቃቸውም አልደበቁኝም፤ አንተ ከተቀመጥክበት ዳማ ሰው የተጫነ አይመስለውም አሉ። ለአሸናፊው ሬዲዮ ይሸለማል ተብሎ ነበርና፣ ሬዲዮው እንዳማራቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል። እኔም ወባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገኘችልኝ ክብር ነውና እሺ አልኩ።

በዕለቱ ሕዝቡ ከኮኪት ወጣ ብሎ፣ በደረቀው ወንዝ አጠገብ ከግራሩ ሥር ተሰበሰበ። ግልቢያው ከዚያ ተነሥቶ በጭነት መኪናው መንገድ ከተማው ዳር ድረስ ነው። ጓዱ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ንግግር አደረገ። ስለ ምርት ተናገረ፤ ስለ ጠላት ተናገረ፤ ስለ ፈረስም ተናገረ። በመጨረሻ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው ፈገግ ብሎ፣ አሸናፊው ፈረስ አውራጃችንን ወክሎ ጎንደር ይሄዳል፤ ከዚያም በክፍለ ሀገሩ በረት እየተቀለበ የሰፊው ሕዝብ ፈረስ ሆኖ ይኖራል አለ።

ሕዝቡ ዝም አለ። ወዲያው ዝምታ አደገኛ መሆኑ ትዝ አለውና አጨበጨበ። የሰፊው ሕዝብ የሆነ ነገር ምን እንደሚሆን እኛ ሰፊው ሕዝብ እናውቀዋለን። ካሁን በፊት አንዲት የውሃ መሳቢያ ሞተር ለትርኢት ተብላ ጎንደር ወጥታ እስካሁን እየታየች ነው። አንድ የድለባ በሬም ለበዓል ማድመቂያ ተብሎ ሄዶ ነበር፤ እሱስ ቢያንስ ምን እንደሆነ መገመት ይቻላል።

አያ ሞላ በሕዝቡ መሃል እያነከሱ መጡና የዳማን ልጓም ያዙ። ከንፈራቸው ደርቋል። «ልጄ፣ ሬዲዮናቸው ባፍንጫችን ይውጣ። አደራህን፣ እንዳታሸንፍ» አሉኝ። እሺ አያ፣ አይስጉ አልኳቸው። አልተጽናኑም። «ጉልበቴ እንደሁ ሞቷል። ዳማ ከሄደ የማንን ሬሳ ደርሼ እቀብራለሁ? ሰው ያልቀበረን ሰውስ ማን ብሎ ይቀብረዋል?» አሉና የፈረሱን ግንባር በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። በጊዮርጊስ ስም ማልኩላቸው፤ ብሞት አላሸንፍም አልኩ። በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ የማለ የመጀመሪያው ጋላቢ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ጓዱና እንግዶቹ በመኪና፣ ሕዝቡ በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ወደ መጨረሻው ቦታ ሄደ። አያ ሞላንም ደግፈው አሳፈሯቸው። እኛ ሦስት ጋላቢዎችና ጥይት የሚተኩሰው ሚሊሺያ ብቻ ቀረን። ተሳቢው መድረሱን የሚያመለክት ጥሩምባ ተሰማ፤ ሚሊሺያውም ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ሚሊሺያው ጠመንጃው የከሸፈ መስሎት አፈሙዙን አየ። ሂዱ እንጂ! ሲለን እንደ ምንም እርምጃ ጀመርን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእኛ ነበር። ጎን ለጎን፣ የሙሽራ አጃቢ መስለን እናዘግማለን። ቀና ብዬ ጓደኞቼን ሳያቸው እነሱም ያዩኛል። አንድም ቃል ሳንነጋገር ሦስታችንም ለምን እንደምናዘግም ገባን።

ግን እኮ አንዱ መቅደሙ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ጨዋነት የሚባለው ነገር የመጣው። ሐጂ እድሪስ አምባላዩን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉና፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ኢትፈደል፣ አሥር አለቃ፤ ይቅደሙ» አሉ። አሥር አለቃ ጫኔ ደነገጠ። ኧረ በአላህ፣ ሐጂ! እርስዎን የመሰለ ሽማግሌ እያለ? ነውር ነው አለ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩና፣ እንግዲያውስ ይሄ ልጅ ይቅደም፤ ለአገሩ እንግዳ ነው አሉ። እንግዳ ከቤት ባለቤት ቀድሞ አይገባም አልኳቸው። እሳቸውም አሰብ አደረጉና፣ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ መንግሥት ይቅደም አሉኝ። እኔም መንግሥት ሁልጊዜ ከሕዝብ ኋላ ሆኖ ነው የሚመራው ብዬ መለስኩ። እንዲህ ያለ መልስ በሰላሙ ቀን ባስበው አይመጣልኝም። በር ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንተ ግባ» ሲባባል ወጡ የሚቀዘቅዝበት ሰው አይታችሁ እንደሆነ፣ እኛ ያንኑ ፈረስ ላይ ሆነን አደረግነው።

ጓዱ በመድረሻው ላይ ቆሞ አቧራ ይጠብቃል። ኋላ እንደሰማሁት፣ አቧራው የታለ? እያለ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ያፋጥጠው ነበር። ሊቀመንበሩም ጤዛ ሳይኖር አይቀርም ብሎ መለሰለት አሉ። በኮኪት፣ በዚያ ወቅት፣ በዚያ ሰዓት ጤዛ!

መንገዱ የማሽላው ማሳ ጥግ ላይ ይታጠፋል። እኛም ጨዋታ ይዘን ነበር። ሐጂ ስለ ገዳሪፍ ገበያ ይነግሩናል፤ አሥር አለቃው ክረምት ሲገባ ከገለጉ ያለ ፈረስ መውጣት እንደማይቻል ያወራል፤ እኔም ስለ ወባዬ አወራለሁ። የሚያስደስት መንገድ ነበር። ያን ጊዜ ታጠፍን።

ከመንገዱ ማዶ፣ በከተማው ዳር፣ ድንኳን ተተክሏል።

ለካ እንግዶቹን ፀሐይ እንዳይመታቸው ጥላ አስፈልጎ ነው። ኮኪት ውስጥ ደግሞ ያለችው ድንኳን አንዲት ናት፤ እሷም የእድሩ ድንኳን ናት። ለማንም ይህ ነገር አልታየውም። አያ ሞላ እንኳን ድንኳኗን ያዩት ከተሳቢው ሲወርዱ ነው። ሲያዩዋት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው በቁማቸው ቀሩ። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ጉልበታቸው የተነሣባቸው መስሏቸው ጥላ ሥር ሊያስቀምጧቸው ይጎትቷቸው ነበር።

እኔ ድንኳኑን ከማየቴ በፊት የዳማን ጆሮ ነው ያየሁት። ሁለቱም ቀጥ አሉ። «ዳማዬ፣ ተው» አልኩት። ተወኝና በረረ።

ልጓሙን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ። ነገር ግን ሙሉ ኃይሌ የሚባለውን ወባ ወስዳዋለች። ባለቤቱም እንዳሉት፣ ዳማ ሰው የተጫነ አልመሰለውም። ጎሽ፣ ረጋ በል፣ በጊዮርጊስ አልኩት፤ ፈረስ መሐላ አያውቅም። ከዚያ የአያ ሞላ ፊት፣ ያ የደረቀ ከንፈር ድቅን አለብኝና መጮኽ ጀመርኩ። ምን ብዬ? አስቤበት አይደለም፤ ሰው ሲጨንቀው ምን ይላል? «ኧረ ወገኔ! ኧረ ወንድሞቼ! ድረሱልኝ!» አልኩ። ዳማ ይህን ከሰማ ወዲያ እግሩ መሬት የሚነካ አልመሰለኝም። የሚያውቀው ጩኸት ነዋ! ይብስ የምጮኸው ይብስ ሲሮጥ ነው፤ ይብስ የሚሮጠው ይብስ ስጮኽ ነው። ዘወር ብዬ ባይ ሐጂና አሥር አለቃው ገና ማጠፊያው ላይ ናቸው። እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፤ የሚሰናበቱኝ ይመስላሉ።

ጓዱ በመጨረሻ አቧራውን አየና አጨበጨበ። የእድሩ ሴቶች ግን ሌላ ነገር ነው ያዩት። የአያ ሞላ ፈረስ፣ ወደ እድሩ ድንኳን፣ ላዩ ላይ ሰው ወገኔን እያለ ሲመጣ! ልማድ ክፉ ነው። አንዷ «ወይኔ!» አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ማን እንደሞተ ሳይጠየቅ ለቅሶው ተጀመረ።

ዳማ የድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። እኔ ግን አልቆምኩም። በአንገቱ ላይ አልፌ፣ ዋልካው ላይ ወድቄ፣ አቧራ ለብሼ ተንከባለልኩ። የመጨረሻው መስመር ከድንኳኑ ትንሽ እልፍ ብሎ በኖራ ተሰምሯል። ቀና ስል ኖራው ከኋላዬ ነው፤ ፈረሱ ደግሞ ኖራውን ሳያልፍ፣ ድንኳኑ በር ላይ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። አያ ሞላ የሞትኩ መስሏቸው፣ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ በዚያ ጉልበት ሮጠው መጡ። ይህን ጊዜ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ለቀስተኛ ሲገባ መነሣት ነውና። ጓዱም ተነሣ። ባርኔጣውን እንዳወለቀ ድንገት ነቃና፣ ማን ሞቶ ነው? ሲል ጠየቀ።

ነገሩ የሚያስቅ እንዳይመስላችሁ። በበዓሉ ቀን፣ በእንግዶቹ ድንኳን ፊት፣ ሕዝብ ደረቱን እየመታ! ለዚያ ዘመን ከዚህ ያነሰ ነገር ሰው ያሳስር ነበር። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ሐጂና አሥር አለቃው ደርሰዋል፤ ለቅሶ ነው ብለው ከፈረሶቻቸው ወርደው ከዳማ ኋላ በትሕትና ቆመዋል። መስመሩን ያለፈ ፈረስ የለም። የሚያልፍም አይመስልም፤ ሐጂ አሥር አለቃውን ይቅደሙ ሲሉት ከወደቅኩበት ይሰማኛል።

ያዳነን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ባንዲራውን ይዞ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር። ማንም አልሞተም፣ ጓድ፤ ሴቶቹ ጋላቢው ሲወድቅ ደንግጠው ነው አለ። ጓዱም አሸናፊው ማን እንደሆነ ጠየቀው። ሊቀመንበሩ ፈረሶቹን አየ፣ አያ ሞላን አየ፣ እኔን አየ። «እኔ መስመሩን ሲያልፍ ያየሁት ይሄን ልጅ ብቻ ነው» አለ።

ጓዱ አሰበ። ፀሐዩ በርትቷል፤ የታረደው ፍየል ጥብሱ ይሸታል። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሣና፣ የኛ አብዮት የሚያስቀድመው ሰውን ነው እንጂ እንስሳን አይደለም፤ ስለዚህ አውራጃውን ወክሎ ጎንደር የሚሄደው አሸናፊው ጓድ ነው አለ። ጭብጨባው ያን ጊዜ ከልብ ነበር። አያ ሞላ አንዴ እኔን፣ አንዴ ዳማን ይስማሉ፤ ማንኛችንን እንደሳሙ የለዩም አይመስለኝም። ሬዲዮው ለእኔ ተሰጠ። ባትሪ ድንጋይ አልነበረውም።

የሄድኩበት ቀን ሰሊጥ የጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጫለሁ። መኪናው ከኮኪት ሳይወጣ አያ ሞላ ዳማን ጭነው ወደ ገለጉ መንገድ ሲያቀኑ አየኋቸው። አክስታቸው ማረፋቸው በጠዋት ተነግሯቸዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። እንደዚያም ሆነው አቁመው ደህንነቴን፣ የሾፌሩን ደህንነት፣ የመኪናውንም ደህንነት ጠየቁ። ዳማ ጭሱን ጠግቦ፣ ጋማው ተበጥሮ፣ ሥራ እንዳለው ሰው ኮራ ብሏል። ሲርቁ ሳያቸው፣ ወገቤ እያመመኝም ደስ አለኝ።

ጎንደር የበዓሉ ኮሚቴ ቢሮ ገብቼ ከመተማ በኩል የመጣሁት አሸናፊ ነኝ አልኩ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጎልማሳ ሰውዬ ነው፤ እግዜር የለም እያለ በየቀበሌው ሲያስተምር የከረመ መሆኑን ኋላ ሰምቻለሁ። በረቱ ተጠርጓል፤ ድርቆሹም ተነጥፏል አለኝና ተነሥቶ በመስኮት ወደ ግቢው አየ። ግቢው ባዶ ነው። ፈረሱስ? አለኝ። ስለ ኖራው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ አብዮቱና ስለ እንስሳ ብዙ የማስረዳው ነበረኝ፤ መንገዱን ሁሉ ሳጠናው ነው የመጣሁት። አፌ ላይ የመጣው ግን እውነቱ ብቻ ሆነ።

«ለቅሶ ሄዷል» አልኩት።

ሊቀመንበሩም ባርኔጣውን አወለቀና፣ «እግዜር ያጥናው» አለ።